ሜዳማ የወንዝ ሸለቆን በብስክሌት ማቋረጥ፦ ረግረግ ውስጥ ላለመቅረት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ዳገት የለም። ኮረኮንቹ መንገድ ከወንዙ ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሜዳ ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ብሎ ሁለት ኮዳ ውሃ ይዞ ይነሳል። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ድልድዩ ፈርሶ ይጠብቀዋል። ወይ ጭቃው ጎማውን ከፍሬሙ ጋር አጣብቆ አላንቀሳቅስ ይለዋል። ወይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ፊት ለፊት ተነስቶ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ይሄ ጠንካራ በሚባሉ ብስክሌተኞች ላይም ይደርሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቅዱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናቅደው በርቀትና በዳገት ብዛት ነው። ሜዳ ላይ ግን ጉዞውን የሚወስነው ውሃ ነው። የት ተኝቷል? የት ይሻገሩታል? መቼ ነው የሞላው? ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ የመጀመሪያውን አትዝለሉ። እሱ ከተበላሸ የቀሩት አያድኗችሁም።

1. መጀመሪያ መሻገሪያዎቹን ፈልጉ፣ መንገዱን በኋላ

ካርታውን ስትከፍቱ «መስመር አውጣልኝ» የሚለውን አትንኩ። መተግበሪያው አጭሩን መንገድ ይመርጥላችኋል። ድልድዩ ዛሬ መኖሩን ግን አያውቅም።

ሀ. በሸለቆው ውስጥ ያለውን መሻገሪያ ሁሉ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉበት። ድልድይ፣ መልካ፣ ቱቦ የተቀበረበት መንገድ፣ የጀልባ ማቋረጫ፣ አንዱም አይቅር። ዋናውን ወንዝ ብቻ አትመልከቱ። ሜዳ ላይ ወንዝ ይጠማዘዛል፤ አሮጌ መሄጃውንም ኩሬ አድርጎ ትቶ ያልፋል። በዚያ ላይ የመስኖ ቦይና የማንጠፈፊያ ቦይ ይጨመራል። በዓይን 300 ሜትር የሚርቅ ቦታ በመንገድ 20 ኪሎ ሜትር ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ለ. ለእያንዳንዱ መሻገሪያ ሦስት ነገር ጻፉ። መኪና ይሸከማል ወይስ እግረኛ ብቻ? መኖሩ የተረጋገጠው መቼ ነው? እሱ ከሌለ ቀጣዩ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ቀጣዩ መሻገሪያ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ ያንን መስመር ለደረቅ ወቅት ብቻ አስቀምጡት። ይሄ የእኔ ልክ ነው፤ እናንተ ልታጠብቁት ትችላላችሁ፣ ባታላሉት ግን ይሻላል።

ሐ. አሁን መሻገሪያዎቹን በመንገድ አገናኙ። ምርጫ ካላችሁ ከመሬቱ ከፍ ያለውን ያዙ። የጎርፍ መከላከያ ግድብ አናት፣ ሐዲዱ የተነሳለት የድሮ የባቡር መስመር፣ የቦይ ዳር የጥገና መንገድ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። በእርሻ መሃል የሚያልፍ የትራክተር መንገድ አራተኛ ነው። በሸምበቆና በደንገል መሃል የሚገባ ቀጭን መንገድ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ውሃ ላይ ነው። ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር ዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡት።

መ. የመንገዱን ዓይነት አረጋግጡ። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የእርሻና የጥገና መንገዶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 1 ጠንካራ ነው፤ 5 ለስላሳ አፈርና ሣር ነው። ለሸለቆ ጉዞ 1ና 2ን ያለ ሐሳብ ውሰዱ፣ 3ን በደረቅ ጊዜ። 4ና 5 ካጋጠሟችሁ በእግር የሚገፋ ርቀት አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ሠ. የሳተላይት ምስል ተመልከቱ፣ ግን ሁለት ዓይነት። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት ሳተላይቶች ምስል በነፃ ይገኛል፤ አብዛኛውን መሬት በየ5 ቀኑ ያነሳሉ። የምስሉ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ነው። ውሃው የት እንደተኛ ለማየት ይበቃል፤ ጠባብ ድልድይ ግን አያሳይም። ለድልድዩ ጥራት ያለውን የካርታ ምስል ክፈቱ፣ የተነሳበትንም ቀን እዩ። የሦስት ዓመት ምስል ስለ ዛሬ ድልድይ ምንም አይነግራችሁም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር የተነሳውን ምስል ካሁኑ ጋር ብታስተያዩ ደግሞ መንገዱን ውሃ የሚበላው የት ላይ እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ረ. መግባት መፈቀዱን ጠይቁ። የቦይና የግድብ መንገዶች አንዳንዴ በር አላቸው። ብዙ ረግረጎች እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው፣ ረግረጎችን ለመጠበቅ በወጣው የራምሳር ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት መንገዶቻቸውን ይዘጋሉ። ብዙ የረግረግ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት መሬት ላይ ነው። ከመንገድ ወጥታችሁ ሣር ላይ ብትነዱ ሳታዩት ትረግጡታላችሁ።

ሰ. በየ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትሩ ወደ አስፋልት ወይም ወደ መንደር የሚያወጣ መውጫ ምልክት አድርጉ። መውጫው ከወንዙ ወደ ውጭ፣ ወደ ሸለቆው ጠርዝ የሚሄድ ይሁን። ከዚያ ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱ፣ መስመሩን በጂፒኤክስ ፋይል (ስልክና ጂፒኤስ የሚያነቡት የመስመር መዝገብ) ያዙ፣ የመሻገሪያዎቹንና የመውጫዎቹን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጡ። ስልክ ውሃ ይገባዋል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሉት። ቅጂውን ቤት ለሚቀር ሰው ስጡና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩት።

2. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

በላያችሁ ያለውን ሰማይ ብቻ አትመኑ። ከላይ፣ ከተራራው የዘነበው ዝናብ ሜዳው ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ እየወጣ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የላይኛውን ተፋሰስ ያለፉት ቀናት ዝናብ እዩ። ረግረግ ደግሞ ውሃ ይዞ ያቆያል። ወንዙ ጎድሎ ሳለ ረግረጉ ገና ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ጠጠርና አሸዋ የበዛበት መንገድ ከዝናብ በኋላ በአንድ ቀን ይመለሳል። መረሬና ሸክላ አፈር ግን ቢያንስ ሦስት ፀሐያማ ቀን ይፈልጋል። ላዩ ሲደርቅ አትታለሉ፤ ከሥር ሊጥ ነው።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ሜዳ ላይ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይደክማል፣ መሬቱ ሲሞቅ ይበረታል። በሸለቆው ውስጥ ጠዋት ጉም ስለሚተኛ የፊትና የኋላ መብራት ይኑራችሁ።

ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አስቀድማችሁ እዩና ጉዞውን ነፋሱን ተጋፍጣችሁ ጀምሩ፤ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ይሄን ማገላበጥ ከባድ ዋጋ አለው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ በዚያው ፍጥነት ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ አየሩ የሚገፋችሁ ነፋስ በሌለበት ከሚገፋችሁ አራት እጥፍ ነው። ሜዳ ላይ የሚከልል ዛፍ የለም፤ ኮረብታም የለም።

ለሰዓት ስሌት በደረቅ ኮረኮንች በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያዙ፣ በእርጥብ መሬት 8። ብርሃን ከመጥፋቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቅ ዕቅድ አውጡ።

3. ብስክሌቱን አዘጋጁ

*ጎማ።* ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይበቃል። ግን ፍሬሙ የሚፈቅደውን የመጨረሻ ሰፊ ጎማ አትግጠሙ። በጎማውና በፍሬሙ መካከል በሁለቱም በኩል ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ጭቃ መውጫ ካጣ ቸርኬው ይቆማል። 50 ጠቦ የሚገባ ከሆነ 43 ወይም 45 ግጠሙ፤ ለረግረግ ይሄ ይሻላል።

*ንፋስ።* 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 45 ሚሊ ሜትር ቱብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ጎማ ላይ ከ26 እስከ 30 ፒኤስአይ (መንፊያው ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) ይጀምር። የውስጥ ጎማ ካለው 5 ያህል ይጨምር። የኋላው ከፊተኛው በ2 ወይም 3 ይብለጥ። ከዚያ ኮረኮንች ላይ ሞክሩት። ድንጋይ ስትመቱ የቸርኬው ብረት ድምፅ ከሰጠ 2 ጨምሩ። ጎማውና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ወሰን አትለፉ።

*ማሸጊያ ፈሳሽ።* ቱብለስ ከሆነ ቸርኬውን አውጡና ወዝውዙት። ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ካልተሰማ ደርቋል ማለት ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ይደርቃል፣ በሙቀት ደግሞ ቶሎ።

*ፍሬንና ሰንሰለት።* ጭቃ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ የፍሬን ሸራን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። የሳሳ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩ። ሰንሰለቱን እርጥብ ከሆነ በወፍራም ዘይት፣ ደረቅና አቧራማ ከሆነ በቀጭን ዘይት ቀቡና ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ሙሉ የጭቃ መከላከያ ሸክላ አፈር ያለበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭቃውን አጠራቅሞ ይቆልፋችኋል። አውልቁት።

*የምትይዙት።* ሁለት የውስጥ ጎማ፣ የጎማ ቀዳዳ መሰኪያ፣ መንፊያ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ሰንሰለት መፍቻና ተጨማሪ ማያያዣ፣ የማርሽ መቀየሪያውን የሚይዘው ብረት መለዋወጫ፣ አንድ ጠፍጣፋ እንጨት፣ ጨርቅ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ፊሽካ። ጠፍጣፋው እንጨት ክብደት የለውም፣ ለጭቃ ግን ከእሱ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም።

*ውሃ።* ለአንድ ሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር አስቡ። በዙሪያችሁ ያለው ውሃ ሁሉ የሚጠጣ አይደለም።

4. መንገድ ላይ

ሜዳ ላይ ቁልቁለት ስለሌለ እግር አያርፍም። ያለማቋረጥ ትነዳላችሁ፣ በአንድ አቀማመጥ። እጅ የሚደነዝዘው፣ መቀመጫ የሚቆስለው በዚህ ነው። በየ10 ደቂቃው ከኮርቻው ተነሱና ጥቂት ንዱ። የእጃችሁን ቦታ ቀይሩ። ከባድ ማርሽ አትጫኑ፤ በደቂቃ 80 ያህል ዙር የሚያስኬዳችሁን ቀላል ማርሽ ያዙ።

ዓይናችሁን ከ15 እስከ 20 ሜትር ወደፊት አድርጉ። የሚከተሉት ሁሉ ከሥር ውሃ እንዳለ ይናገራሉ፦ የጠቆረ አፈር፣ የሚያብለጨልጭ ወለል፣ መንገዱ መሃል የበቀለ ቄጠማ። የተሰነጣጠቀ ደረቅ ቅርፊት ካያችሁ ውረዱና በእንጨቱ ውጉት። እንጨቱ በቀላሉ ከገባ መንገዱ አይሸከማችሁም።

መኪና ደጋግሞ የሸነተረው፣ አጥንት የሚያንቀጠቅጥ ኮረኮንች ሲያጋጥማችሁ ጠርዙን ያዙ። ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ለስላሳ መስመር አለ። ክርናችሁን አላሉ፣ መሪውን ጨምድዳችሁ አትያዙ።

የእንጨት ድልድይ ላይ ጠዋት ጤዛ አለ፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፍሬን አትያዙ፣ አትጠምዝዙ። ጣውላዎቹ በጉዞ አቅጣጫ ከተደረደሩ ጎማ የሚውጥ ክፍተት ስለሚኖር ወርዳችሁ ግፉ።

ከብት ሲመጣ ቁሙና አሳልፉ። እረኛውን ሰላም በሉና ስለ መንገዱ ጠይቁት። ቀጣዩ ድልድይ መኖሩን ከየትኛውም መተግበሪያ በተሻለ ያውቃል። «መንገዱ ጥሩ ነው?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ ለእግረኛ ጥሩ የሆነ ለጎማ ላይሆን ይችላል። «ትናንት በዚህ መኪና አልፏል? ከብቱ የሚሻገረው የት ነው? ውሃው እስከየት ይደርሳል?» በሉ።

5. ጭቃ ሲይዛችሁ

እርጥብ ሸክላ ብስክሌት የሚሰብረው ሰዎች ስለሚታገሉት ነው። ፔዳል በኃይል ሲረገጥ ጭቃ የሞላበት ሰንሰለት የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ጎትቶ ራጂ ውስጥ ይከተዋል። በዚያች ቅጽበት ጉዞው አለቀ።

ሀ. ጎማው መወፈር እንደጀመረ፣ ገና ሲከብዳችሁ፣ ወዲያው ውረዱ። «ትንሽ ልግፋበት» አይሠራም።

ለ. ወደ ኋላ አትግፉት። ጭቃው ይበልጥ ይጠቀጠቃል።

ሐ. በእንጨቱ መጀመሪያ ከፍሬሙና ከጎማው መካከል፣ ቀጥሎ ከማርሽ መቀየሪያው ትንንሽ ጥርሶች፣ በመጨረሻ ከፍሬኑ ላይ አውጡ።

መ. መንገዱ ዳር ባለው ሣር ላይ ግፉ። ሣሩ ወፎች የሚፈለፍሉበት ከሆነ ወይም ከሌለ ተሸከሙት።

ሠ. ለ10 ደቂቃ ተሸክማችሁ መጨረሻው ካልታየ ተመለሱ። የመጣችሁበትን ታውቁታላችሁ፤ የቀረውን አታውቁም።

እግራችሁ ማጥ ውስጥ ከገባና ወደ ታች ከሳባችሁ አትንፈራገጡ። ብስክሌቱን በጎኑ አጋድሙና ተደገፉበት። ክብደታችሁን ወደ ኋላ ጣሉ፣ እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አወዛውዙና አንድ በአንድ አውጡ። ከወጣችሁ በኋላ በሆዳችሁ ወደ መጣችሁበት ጠንካራ መሬት ተሳቡ።

6. ውሃ መንገዱን ሲቆርጠው

ቁሙና እዩ። ውሃው ይንቀሳቀሳል?

የሚንቀሳቀስ ከሆነ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ስለዚህ ቀለሙ ደፍርሶ በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ከሥሩ መንገዱ ተሸርሽሮ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ አይታይም። ወደ ዝርዝራችሁ ተመለሱና ቀጣዩን መሻገሪያ ያዙ።

የቆመ ወይም በጣም ዝግ ያለ ከሆነ፦ በእንጨት ለኩ። ከጉልበት በታች ከሆነና ታቹ ጠንካራ ከሆነ ብቻ በእግር ግቡ። ጫማ አታውልቁ። የቦርሳችሁን ማሰሪያ ፍቱ፣ ብትወድቁ ወዲያው እንድትጥሉት። ብስክሌቱን ውሃው በሚወርድበት በኩል አድርጉት፤ በላይኛው በኩል ከሆነ ውሃው ገፍቶ እላያችሁ ላይ ይጥለዋል። እየነዳችሁ አትግቡ። ጎማ እስከ መሃሉ ውሃ ውስጥ ከገባ ኩሽኔታው ውሃ ይጠጣል።

አዞ ወይም ጉማሬ ባለበት ወንዝ ይሄ ሁሉ አይሠራም። አትግቡ፣ በዳሩም አትቁሙ።

ቁስል ካላችሁ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ። የጎርፍ ውሃ በእንስሳት ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ይይዛል፤ ዝግ ያለ ጨው አልባ ውሃ ደግሞ በአንዳንድ አገር ቢልሃርዚያ አለበት። ወጥታችሁ ወዲያው በጨርቅ አሽታችሁ ድረቁ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ ረግረግ ውስጥ እንደነበራችሁ ንገሩት።

7. ሌላ ነገር ሲበላሽ

*ጎማ ሲተነፍስ።* ቱብለስ ከሆነ ቀዳዳውን ወደ ታች አዙሩ፣ ፈሳሹ እንዲደርሰው። በግማሽ ደቂቃ ካልቆመ መሰኪያውን አስገቡ። የውስጥ ጎማ ስትቀይሩ ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል።

*የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ሲሰበር።* አውጡት። ሰንሰለቱን አሳጥራችሁ ከመሃለኛው ጥርስ ጋር ቀጥታ አገናኙ። ያለ ማርሽ ትነዳላችሁ፤ ሜዳ ስለሆነ ያደርሳችኋል።

*መንገዱ ካርታው ላይ ኖሮ መሬት ላይ ሲጠፋ።* በሸምበቆው መሃል ቆርጣችሁ አትሂዱ። ከጭንቅላት በላይ የበቀለ ሸምበቆ ውስጥ አቅጣጫ ይጠፋል። መጨረሻ ላይ እስካለፋችሁት መውጫ ድረስ ተመለሱ።

*ነፋሱ ሲያሸንፋችሁ።* በቡድን ከሆናችሁ ተሰለፉና በየሁለት ደቂቃው ፊተኛውን ቀይሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ መሪውን ዝቅ ብላችሁ ያዙና ቀጣዩን መውጫ ተጠቀሙ።

*ውሃ ሲያልቅ።* የረግረግ ውሃን መጀመሪያ በጨርቅ አጥልሉ፣ ማጣሪያው እንዳይደፈን። ለማፍላት አንድ ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ። ከእርሻ ቦይ ግን አትቅዱ። የፀረ ተባይና የማዳበሪያ ኬሚካል በማፍላት አይጠፋም።

*ትንኝ።* ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውሃ ዳር አትረፉ። ማታ እዚያ የሚያገኛችሁ ከሆነ እጅጌ ረጅም ልበሱ።

8. ከተመለሳችሁ በኋላ

በዚያው ቀን እጠቡት። ጭቃው ውስጥ ዘር፣ ቀንድ አውጣና እንቁላል ይኖራል። ሳይታጠብ ወደ ሌላ ረግረግ ከሄደ ያልነበረ አረም ይዞ ይገባል። ጎማውን፣ ጫማውን፣ ቦርሳውን ጭምር እጠቡና በፀሐይ አድርቁ።

በኃይል የሚረጭ ውሃ ኩሽኔታዎቹ ላይ አታነጣጥሩ። በባልዲና በብሩሽ ይበቃል። የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ከነበረ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ጨው ብሎኖችን ይበላል። ቸርኬውን በእጅ አዙሩ። የሚያንገጫግጭ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ውሃ ገብቶበታል፤ ፈትታችሁ ግሪሱን ቀይሩ። የፍሬን ሸራውን እዩ፣ ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ።

ከዚያ የመሻገሪያዎቹን ዝርዝር አውጡና አስተካክሉ። የፈረሰውን፣ አዲስ የተሠራውን፣ የተዘጋውን በር ከነቀኑ ጻፉ። ኦፕንስትሪትማፕን ማንም ሰው ማረም ይችላል። የፈረሰውን ድልድይ እዚያ ላይ አስተካክሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንዳይነዳበት።